ከጠገራ ብር እስከ አልሙኒየም፦ የቅይጥ ምርጫ በአራዳ ታሪክ

የአራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረበት ዘመን፣ ጠገራ ብር የገበያው ገንዘብ፣ የአንጥረኛውም ጥሬ ዕቃ ነበር። 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1,000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። ንጹሕ ብር ለመስቀልና ለአምባር ይለሰልሳል፤ ጥንካሬ የሚሰጠው መዳቡ ነው። የጠገራው መልክና ይዘት ሳይለወጥ ስለኖረ፣ አንጥረኛው ባቀለጠ ቁጥር ምን ዓይነት ቅይጥ እንደሚያገኝ ያውቅ ነበር። ማኅተሙ ዋስትናው ነበር።

ዛሬ ትክክለኛ ልክ የሚጠይቅ ክፍል የሚሠራ ባለሙያም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ዋስትና ነው። ንጹሕ አልሙኒየም በቶርኖ ሲቆረጥ መቁረጫው ላይ ይጣበቃል። ማግኒዚየምና ሲሊከን የተቀየጠበት 6061 በደኅና ይቆረጣል፤ ዝገትንም ይቋቋማል። ዚንክ የበዛበት 7075 ይበልጥ ይጠነክራል፤ ለብየዳ ግን አይመችም። ሁለቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ምልክቱ ከጠፋ ቁራጭ የተሠራ ክፍል ልኩ ቢሰምር እንኳ፣ ስለ ጥንካሬው የሚመሰክር የለም፤ በሥራ ላይ ሲሰበር ዋጋውን የሚከፍለው ተጠቃሚው ነው። ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከቶርኖው በፊት የብረቱን ማንነት መጠየቅ ይልመዱ።