ከአዋሽ ማዶ የተረፈ ማስታወሻ

አዋሽ ባሕር ሳይደርስ የት ገብቶ እንደሚቀር ለማየት ዊልፍሬድ ቴሲጀር እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. ጉዞ ሲጀምር ገና የ23 ዓመት ወጣት ነበር። የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ስለሆነ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። የአፋር በረሃ ግን ሌላ ነው። በ1875 ሙንዚንገር፣ በ1881 ጁሊየቲ ከነተከታዮቻቸው ያለቁት በዚያ ምድር ነው። ቴሲጀር ከአውሳው ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አግኝቶ በ1934 ወንዙ የሚያልቅበት አቤ ሐይቅ ደረሰ፤ ከዚያም ታጁራ ወጣ።

በመንገዱ ላይ ፎቶግራፍ እያነሣ ማስታወሻም ይይዝ ነበር። የሕይወት ታሪኩን በ1987 ሲያሳትም አዛውንት ሆኗል፤ የጉዞው ማስታወሻ ራሱን ችሎ የታተመው በ1996፣ ከ62 ዓመት በኋላ ነው። ለእኔ የሚበልጥብኝ ማስታወሻው ነው። አዛውንቱ ጉዞው በደኅና ማለቁን እያወቀ ይጽፋል፤ ወጣቱ ነገ ሱልጣኑ ያሳልፈው አያሳልፈው አያውቅም። ይህን ጥርጣሬ ከሃምሳ ዓመት በኋላ አስታውሶ መጻፍ አይቻልም፤ ፎቶግራፍም አያሳየውም።

ፎቶግራፍ መልክ ያስቀራል፣ ስም ግን አያስቀርም። የቅፍለቱ አለቃ ዑመር ኢብራሂም ማን እንደነበረ፣ ያለ እሱ ብልሃትም ጉዞው እንደማይሳካ የምናውቀው ስለተጻፈ ነው። ዑመር በበኩሉ ስለዚያ ፈረንጅ ለቤተሰቡ ምን አውርቶ ይሆን? በአፋር ወግ ዳጉ ሲጠያየቁ፣ ስለ እንግዳው ያልተባለ ነገር አይኖርም። የቴሲጀር 38 ሺህ ያህል ነጋቲቮች ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ በአውሳ ካለው የልጅ ልጅ ይልቅ ለዚያ ከተማ ተማሪ ይቀርባሉ።