ሃድራዊና ሃርጌሳ

እስቲ ዛሬ ከጎረቤት አገር አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ሶማሌዎች ዘንድ ግጥም ይዳኛል፣ ያስታርቃል፣ ያዋጋልም። በየስንኙ በተመረጠው ድምፅ የሚጀምር ቃል ካልገባ ደግሞ ግጥም አይባልም። ለዚህ ነው አንዴ ጆሮ ከገባ የማይወጣው።

መሐመድ ኢብራሂም ዋርሳሜ የሚባል ገጣሚ ነበር፤ አገሩ ሃድራዊ ይለዋል። በ1973 እ.ኤ.አ. የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት አሰረው፤ ወንጀሉ ግጥም ነበር። አምስት ዓመት ከርሞ ወጣ፤ ያም አላስደነገጠው። በ1982 ወደ ኢትዮጵያ ተሻግሮ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄን አማፂዎች ተቀላቀለ። ግጥሞቹም በካሴት እየተቀዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ።

ታዲያ በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን አማፂ ላይረዳ ተስማሙ። መጠጊያ ያጡት አማፂዎች በግንቦት መጨረሻ ሰሜን ሶማሊያ ያለችው ሃርጌሳ ገቡ። ዚያድ ባሬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? አውሮፕላኖቻቸው ከሃርጌሳ አየር ማረፊያ እየተነሱ ያችኑ ሃርጌሳን ደበደቡ! ሕዝቡ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ድንበር ተሻገረ፤ እኛው አገር ሐርትሼክ ሜዳ ላይ ከተማ የሚያህል መጠለያ በቀለ። የሃርጌሳ ሬዲዮ ሰዎች ደግሞ ቦምቡ እንዳያገኛቸው የዘፈን ቴፖቻቸውን ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩ።

በ1991 ዚያድ ባሬ ወደቁ። አገር ዳነ? የት አባቱ! ሃድራዊ አብሯቸው የኖረ ታጋዮች እንኳ በዓመቱ፣ በ1992፣ ቡርኦና በርበራ ላይ እርስ በርስ ተታኮሱ። ደቡቡ ደግሞ በጎሳ ጦር አለቆች ተከፋፈለ። የፈረሰ ግንብ በሲሚንቶ ይቆማል፤ ሃርጌሳም ቆማለች። ጎረቤት ጎረቤቱን ከገደለ በኋላ የሚቀረው ቂም ግን ግንበኛ የለውም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ይወረሳል።

ይህን ያየው ሃድራዊ በ2003፣ በስልሳ ዓመቱ፣ ከሃርጌሳ ተነስቶ ሶማሊያን የሚያቋርጥ የሰላም ጉዞ ጀመረ። እዩልኝ እንግዲህ፦ ለትግሉ ጊዜ ካሴት በቅቶ ነበር፤ ለዕርቁ ግን ገጣሚው ራሱ ከከተማ ከተማ መለመን ነበረበት። ታጣቂው ግጥሙን በቃሉ ያውቀዋል፤ ጠመንጃውን ግን አላስቀመጠም።

ሃድራዊ በነሐሴ 2022 ሃርጌሳ ላይ አረፈ። የሰሜኗ ሃርጌሳና የደቡቧ ሞቃዲሾ ግን በአንድ መንግሥት ሥር ሳይሰበሰቡ እንደተለያዩ ነበሩ።