ቁራው የተቀረጸበት መስቀል፦ የሞናስተርቦይስ ፍርስራሽ ገዳም ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የካቲት 2 ቀን ስንክሳር ሲነበብ የአባ ጳውሊን ዜና ሰምታችኋል። በግብፅ በረሃ ሰው ሳያይ የኖረው ይህ አባት ምግቡ ቁራ በየዕለቱ የሚያመጣለት ግማሽ ኅብስት ነበር፤ አባ እንጦንስ ሊጎበኘው በመጣ ቀን ግን ቁራው ሙሉ ኅብስት ይዞ መጣ። ይኸው ታሪክ ከግብፅ እጅግ በምትርቀው፣ ዝናም በሚበዛባት በአየርላንድ ደሴት ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በድንጋይ ተቀርጾ ዛሬም ይታያል። የተቀረጸበት መስቀል ቆሟል፤ በአጠገቡ ያሉት ሁለት አብያተ ክርስቲያናት ግን ጣራ የላቸውም።

ቦታው ሞናስተርቦይስ ይባላል፤ ከደብሊን በስተሰሜን፣ በድሮሄዳ ከተማ አቅራቢያ ይገኛል። የስሙ ትርጕም የቡይተ ገዳም ማለት ሲሆን መሥራቹ ቅዱስ ቡይተ በ521 ገደማ እንዳረፈ ይነገራል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የበረሃ አባቶች ዜና እስከዚያ እንዴት ደረሰ? ግብፃውያን መነኮሳት በመርከብ ሄደው አየርላንድን አስተማሩ ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ደስ የሚያሰኝ ወሬ ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ለማስረዳት መጻሕፍቱ ይበቃሉ። ቅዱስ አትናቴዎስ የጻፈው የእንጦንስ ገድል ገና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጕሟል፤ የአባ ጳውሊንም ገድል ጄሮም በላቲን ጽፎታል። በግብፅ መነኮሳት መካከል የኖረው ዮሐንስ ካስያን ደግሞ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር ተቀምጦ ሥርዓታቸውንና ምክራቸውን ጻፈ። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ጋር እንጂ ከእኛ ጋር እንዳልነበረች መዘንጋት አይገባም። እንጦንስና ጳውሊ ግን ከዚያ መለያየት በፊት የነበሩ አባቶች ናቸው።

ወደ መስቀሉ እንመለስ። ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ሲሆን በአራቱም ጎን ሥዕል ተቀርጾበታል። በምዕራብ ገጽ መካከል ስቅለት፣ በምሥራቅ ገጽ መካከል ደግሞ ጌታ ለፍርድ ሲመጣ ይታያል። በቀኙ ዳዊት በገናውን ይደረድራል፤ ከሥር ቅዱስ ሚካኤል ነፍስን በሚዛን ሲመዝን ሰይጣን ሚዛኑን ወደ ራሱ ሊስብ ይታገላል። በላይኛው ክፍል እንጦንስና ጳውሊ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ቁራውም ኅብስቱን ይዟል። ማንበብ የማይችለው ገበሬ በዙሪያው ሲዞር ከአዳምና ከሔዋን እስከ ዕለተ ፍርድ ድረስ ይማር ነበር።

ገዳሙ የትምህርትም ቤት ነበረ። በ1056 ያረፈው መምህር ፍላን የአገሩን ታሪክ በግጥም የጻፈ ሊቅ ነው። ከእርሱ በፊት፣ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ባሕር አቋርጠው የመጡ የሰሜን ወራሪዎች ቦታውን ይዘውት ነበር፤ በ968 ንጉሥ ዶምናል ወግቶ አስወጣቸው። ከወራሪው የከፋው ጕዳት ግን በ1097 ደረሰ። እንደ ምሰሶ ክብ ሆኖ የተሠራው ረጅሙ ደወል ቤት ከነመጻሕፍቱና ከነንዋያቱ ተቃጠለ። በሩ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነውና መጻሕፍቱ ከሁሉ ይልቅ እዚያ ይጠበቃሉ ተብሎ ይታሰብ ነበር። በግራኝ አሕመድ ጦርነት የነደዱትን የአድባራቶቻችንን መጻሕፍት ለምናስብ ለእኛ ይህ ኀዘን እንግዳ አይደለም። ግንቡ ጫፉ ቢጎድልም እስከ ዛሬ አለ፤ ውስጡ የነበሩት መጻሕፍት ስማቸው እንኳ አልቀረም።

ቦታውን ባዶ ያደረገው ግን እሳቱ ብቻ አይመስለኝም። በ1142 ከፈረንሳይ የመጡ የሲስተርሲያን ማኅበር መነኮሳት ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀው ሜሊፎንት የተባለ አዲስ ገዳም መሠረቱ። ከዚያ በኋላ የቡይተ ገዳም እየደከመ ሄደ፤ የምንኵስናው ሕይወት ቀርቶ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ኋላም ፈረሰ። የመቃብሩ ስፍራ ግን አልተተወም፤ የአካባቢው ሰዎች ሙታናቸውን በመስቀሎቹ ዙሪያ ቀብረዋል።

በመስቀሉ እግር ሁለት ድመቶች ተቀርጸዋል። በእነርሱ ዘንድ አንድ አጭር ጽሑፍ በአየርላንድ ቋንቋ ይነበባል፤ መስቀሉን ስላሠራው ስለ ሙይረዳኽ ጸልዩ ይላል። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገዳሙን ይመራ የነበረው አበምኔት እንደ ሆነ ይታመናል። ከስሙ ቀጥሎ ማዕረግም ውዳሴም አልተጻፈም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።