ከፍተኛ የሥነ ልቦና ርዕሶች በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት

ከፍተኛ የሥነ ልቦና ርዕሶች በአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት የሚወስዱት የሴሚናር ትምህርት ነው። ከመግቢያው ኮርስ ሌላ ስታቲስቲክስንና የጥናት ዘዴን ያለፈ ተማሪ ይመዘገብበታል። ርዕሱ እንደ መምህሩ ሙያ ይለዋወጣል፤ አንዱን ሴሚስተር ትውስታ፣ ሌላውን የሕፃናት ቋንቋ ወይም ሱስ ሊሆን ይችላል። ከዝቅተኞቹ ኮርሶች የሚለየው ግን በርዕሱ ሳይሆን በንባቡ ነው። የመግቢያ ተማሪ ግኝቶችን የሚያገኘው በመማሪያ መጽሐፍ ተጠቃለው ነው። እዚህ ደግሞ አጥኚዎቹ ራሳቸው የጻፉትን መጣጥፍ ከነሠንጠረዡ ያነባል፤ ከዚያም በጥቂት ተማሪዎች ፊት ያስረዳል፣ ይሟገታል።

የሥርዓቱ ምንጭ ጀርመን ነው። የሥነ ልቦና አጥኚው ቪልሄልም ቩንት እ.ኤ.አ. በ1879 በላይፕዚግ ቤተ ሙከራውን ሲከፍት (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከአሜሪካ ጭምር ብዙ ተማሪዎች ወደ እሱ ሄዱ፤ በ1886 በእሱ ዘንድ ዶክትሬቱን ያገኘው ጄምስ ማኪን ካተል አንዱ ነበር። ተመላሾቹ ቤተ ሙከራውንና ሴሚናሩን ወደ አገራቸው ይዘው ገቡ። ትምህርቱን ወደ መጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በማውረድ ረገድ የአሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና አጥኚ የሜሪ ዊተን ካልኪንስ ድርሻ ከፍ ብሎ መነገር አለበት። በ1891 በዌልስሊ ኮሌጅ የከፈተችው ቤተ ሙከራ በሴቶች ኮሌጅ የመጀመሪያው ነበር፤ ወጣት ሴቶች ስለ ስሜት ሕዋሳትና ስለ ትውስታ በእጃቸው ሙከራ ይሠሩበት ነበር። ካልኪንስ ነገሮችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ በማቅረብ ትውስታን የመለካት ዘዴን አበርክታለች። ሃርቫርድ የዶክትሬት መመዘኛውን ሁሉ ብታሟላም ሴት በመሆኗ ዲግሪውን ከለከላት። በ1905 ግን የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነች።

ዛሬ ሴሚናሩ ምን እንደሚያስተምር ለመረዳት ስለ ራስ ቁጥጥር የተነሣውን ክርክር መከተል ይጠቅማል። በ1998 የሥነ ልቦና አጥኚው ሮይ ባውማይስተርና ባልደረቦቹ አንድ ሙከራ አሳተሙ። 67 ተማሪዎች ምግብ ሳይበሉ እንዲመጡ ተነገራቸው፤ ክፍሉን አዲስ የተጋገረ የቸኮላት ብስኩት ሽታ ሞልቶታል። ከፊሎቹ ብስኩቱን በሉ፤ ሌሎቹ ብስኩቱ ፊታቸው ተቀምጦ ፍጅል ብቻ እንዲበሉ ታዘዙ፤ የቀሩት ምንም አልቀረበላቸውም። ቀጥሎ መፍትሔ የሌለው እንቆቅልሽ ተሰጣቸው። ፍጅል የበሉት በአማካይ 8 ደቂቃ ያህል ታግለው ሲተዉት ሌሎቹ ቡድኖች 19 እና 21 ደቂቃ ገደማ ቆዩ። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው ራስን የመግዛት ኃይል በአንዱ ሥራ ላይ ሲውል ለሚቀጥለው እንደሚያንስ ደመደሙ።

ሐሳቡ በፍጥነት ወደ መማሪያ መጻሕፍት ገባ። በ2010 ማርቲን ሃገርና ባልደረቦቹ 198 ሙከራዎችን አሰባስበው ሲመረምሩ መካከለኛ መጠን ያለው ውጤት አገኙ። ንባቡ እዚህ ላይ ቢቆም ተማሪው ጉዳዩ ተረጋግጧል ብሎ ይወጣል። በ2016 ግን ያው ሃገር ያስተባበራቸው 23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ሰዎችን በአንድ ዓይነት አሠራር ፈትነው ውጤቱን ከዜሮ እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። በ2021 በካትሊን ቮስ መሪነት 36 ቤተ ሙከራዎች ወደ 3,500 የሚጠጉ ሰዎችን ፈትነው ያገኙትም እጅግ ትንሽ ነበር።

የሴሚናሩ እውነተኛ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። 198 ሙከራዎች እንዴት ሊያሳስቱ ቻሉ? አንዱ ምክንያት ውጤት ያላገኙ ጥናቶች ሳይታተሙ በመሳቢያ መቅረታቸው ነው፤ የታተሙትን ብቻ የሚደምር ሰው የተመረጠ ማስረጃ ይደምራል። ሌላው የተሳታፊዎች ቁጥር ማነስ ነው፤ በትንሽ ናሙና በአጋጣሚ የተገኘ ልዩነት ትልቅ መስሎ ይታያል። የሐሳቡ ደጋፊዎችም መልስ አላቸው፦ በ2016 የተሠራው በፍጅልና በብስኩት ሳይሆን በኮምፒውተር በሚሰጥ የፊደል ተግባር ስለነበር ተሳታፊዎቹ በእርግጥ ራሳቸውን መግታት አስፈልጓቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይህን ክርክር ከመነሻው እስከ አሁን ያነበበ ተማሪ ማስረጃን መመዘን ተምሯል፤ ማጠቃለያውን ብቻ ያነበበ ግን አልተማረም።

ችግሩ የአንድ ርዕስ ብቻ አይደለም። በ2015 በብራያን ኖሴክ አስተባባሪነት በሦስት መጽሔቶች የወጡ 100 ጥናቶች እንደገና ተሠርተው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 97 በመቶው ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያለው ውጤት ዘግበው የነበረ ሲሆን በድጋሚው ይህን ያሳዩት 36 በመቶው ብቻ ናቸው። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችም በእርማቱ ሥራ ገብተዋል፤ በ2013 የተጀመረ አንድ የትብብር ፕሮጀክት በተለያዩ ኮሌጆች ያሉ ተማሪዎች አንድን የታወቀ ጥናት በተመሳሳይ አሠራር ደግመው ሠርተው መረጃቸውን በአንድ ላይ እንዲተነትኑ ያደርጋል። ከተለመደው የሴሚስተር መጨረሻ ጽሑፍ ይህ እጅግ ይበልጣል ብሎ መናገር ይቻላል፤ የተማሪው ድካም ለሳይንሱ ይውላልና።

ተማሪው የሥነ ልቦና ሳይንስ አጥኚ ከመሆኑ በፊት ተጠኚው ነው። በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ኮርስ ተማሪዎች ለኮርስ ነጥብ ሲሉ በሙከራዎች ይሳተፋሉ። ተጠኚዎቹም የመጡት ከጥቂት አገሮች ነው፤ የሥነ ልቦና አጥኚው ጄፍሪ አርኔት በ2008 ዋና ዋና መጽሔቶችን መርምሮ እንዳሳየው፣ ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶ ያህሉ የመጡት ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶው ከሚኖርባቸው ምዕራባውያን በኢንዱስትሪ የበለጸጉ አገሮች ነው።

 

የአርኔት ቁጥር ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ሥራ ይተዋል። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሥነ ልቦና ተማሪ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ያቀርባል፤ ከምግብ የመታቀብ ጥያቄም በዓመት ብዙ ቀን እየጾመ ለሚውል ሕዝብ ቅርብ ነው። ርዕስ በመምረጥ ላይ ያለ ተማሪ አዲስ መጠይቅ ለመፈልሰፍ ከመቸኮሉ በፊት አንድ የታወቀ ጥናት ይምረጥ፤ አሠራሩን ሳይለውጥ በራሱ ሰዎች ላይ ይድገመው፤ ያገኘውንም፣ ያጣውንም እኩል ይጻፍ።