የማይለን ድልና የተዘለለው ገጽ

በአሜሪካዋ የኢንዲያና ግዛት፣ ስሟ ከጣሊያኗ ከተማ ከሚላን ጋር በፊደል አንድ የሆነ፣ ነዋሪዎቿ ግን «ማይለን» ብለው የሚጠሯት ትንሽ የገጠር ከተማ አለች። በ1954 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነዋሪዎቿ ከአንድ ሺህ ብዙም አይበልጡም፤ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቷም 161 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። በቆጂን የሚያውቅ አንባቢ ትንሽ ከተማ ስሟን ማስጠራቷ ላያስደንቀው ይችላል። እኔንም ያስነሣኝ ድሉ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ በተተረከ ቁጥር አንድ ገጽ መዘለሉ ነው።

ያን ጊዜ በኢንዲያና የትምህርት ቤቶች የቅርጫት ኳስ ዋንጫ አንድ ነበር። ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም በአንድ ጥሎ ማለፍ ይጋጠማል፤ በዚያ ዓመት 751 ትምህርት ቤቶች ተሰልፈዋል። ጨዋታው ለገጠር የተመቸ ነበር፤ ለሌላ ስፖርት የሚበቃ ልጅ የሌለው ትምህርት ቤት እንኳ አምስት ተጫዋች አያጣምና።

መጋቢት ወር ላይ ማይለን ለፍጻሜ ደረሰች። ተጋጣሚዋ መንሲ ሴንትራል በተማሪ ብዛት አሥር እጥፍ ይበልጣታል፤ ዋንጫውንም አስቀድሞ አራት ጊዜ ወስዷል። በመጨረሻው ሩብ ማይለን 28 ለ 26 እየተመራች ሳለ ቦቢ ፕላምፕ ኳሱን ይዞ ቆመ። አራት ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ሙሉ ሳያቀብል፣ ሳይወረውር ቆመ! ይህን የሚከለክል የጊዜ ገደብ አልነበረም። የሚመራ ቡድን ሰዓት ቢገድል ያስኬዳል፤ የሚመራው ሌላ ሆኖ ሳለ ሰዓት መግደል ግን እብደት ይመስላል። ለእኔ ስሌቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፦ ጨዋታው ባጠረ ቁጥር ጉልበተኛው ብልጫውን የሚያሳይበት ጊዜ ያንሰዋል። ፕላምፕ በመጨረሻ ወረወረ፤ ሳተም። ሆኖም ማይለን ደርሳ አቻ ሆነች፤ 30 ለ 30 ላይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የዚያው ልጅ ኳስ ከቅርጫቱ ገባች። በማግስቱ ወደ ከተማዪቱ የሚወስደው መንገድ በሕዝብ ተጨናነቀ። በ1986 የወጣው «ሁዠርስ» የተሰኘው ፊልም መነሻው ይህ ድል ነው።

የተዘለለው ገጽ እነሆ። ማይለን ወደ መጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች የገባችው የኢንዲያናፖሊሱን ክሪስፐስ አታክስ 65 ለ 52 አሸንፋ ነው። አታክስ በ1927 ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮቹ ለመለየት የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር። የግዛቲቱ የስፖርት ማኅበር እስከ 1942 ድረስ ከዚህ «ለሁሉም ክፍት» ከተባለ ውድድር አግዶት ኖሯል። ለሁሉም ክፍት የሆነው በር፣ ማይለን ስታሸንፍ ገና የ12 ዓመት ዕድሜ ነበረው ማለት ነው።

በዚያ ቀን ከተሸነፉት ልጆች አንዱ ኦስካር ሮበርትሰን ነው። በ1960 በሮም፣ የእኛ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት ኦሊምፒክ፣ ከአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ቡድን ጋር ወርቅ ወስዷል። ከዚያ አስቀድሞ ግን አታክስን በ1955 ለዋንጫ አበቃው፤ በ1956 ደግሞ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፉ ደገሙት። ከኢንዲያናፖሊስ ትምህርት ቤቶች ይህን ዋንጫ የወሰደ ከእነርሱ በፊት አልነበረም። ታዲያ የገዛ ከተማቸው እንዴት ተቀበለቻቸው? በእሳት አደጋ መኪና ላይ ተጭነው የመሐል ከተማውን ሐውልት ዞሩ፤ ወዲያውም ደስታቸውን እንዲገልጹ በጥቁሮች ሰፈር ወዳለ መናፈሻ ተወሰዱ።

ፊልሙን ያየ ሰው በፍጻሜው ጨዋታ የተሸናፊውን ቡድን አሠልጣኝ ያስታውስ ይሆናል። ተዋናዩ ሬይ ክሮው ይባላል፤ አታክስን ለሁለቱም ዋንጫዎች ያበቃው እውነተኛው አሠልጣኝ ነው። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው በፊልም ተሸናፊ ሆኖ ተቀመጠ። አዘጋጆቹ ለክብሩ ብለው ጋብዘውት ይሆናል፤ እኔን ግን ያ ትዕይንት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አንዱ ዋንጫ በ1997 አበቃ፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ብዛት ተከፋፍለው፣ ትንሹ ከትንሹ ይጫወታል። ብዙዎች በማይለን ስም አዝነዋል። ኀዘናቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን በመካከሉ በነበሩት 43 ዓመታት ውስጥ ማይለንን የሚያህል ትንሽ ትምህርት ቤት ዳግመኛ አላሸነፈም።

በ2015 የኢንዲያናፖሊስ ዓመታዊ የመኪና ውድድር ሰልፍ መሪ እንዲሆኑ የ1955ቱ የአታክስ ተጫዋቾች ተጠሩ። ስድሳ ዓመት ቆይተው በመሐል ከተማው ጎዳና አለፉ።