መስኮቱ ተዘግቶም ለምን ይነፍሳል?

ደብረ ኤልያስ በክረምት ያደረ ሰው ያውቀዋል፤ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃው ግን ይወዛወዛል። ጠዋት ደግሞ ግድግዳው ረጥቧል። ብዙዎቻችን መስታወቱን እንወቅሳለን። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ፍሬሙ ላይ ያለችው ቀጭን ጥቁር ጎማ ናት። የስልካችሁ ሲም ማስገቢያ ላይም እኮ የሷ ታናሽ አለች፤ ውሃ የማያስገቡት ስልኮች ላይ ማለታችን ነው።

ጎማዋ የምትሠራው ስትጨመቅ ነው። ከደረቀች አትጨመቅም። ርካሹ የፒቪሲ ጎማ የሚያለሰልሰው ኬሚካል ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ይደርቃል፣ ያጥራል፣ ማዕዘኑ ጋ ክፍተት ይተዋል። የደጋ ፀሐይም አታዝንም፦ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ፀሐይን በጣም የተሻለ ይችላል፤ መስኮት ስታሠሩ በስሙ ጠይቁ።

ለመፈተሽ ወረቀት አስገብታችሁ መስኮቱን ዝጉና ሳቡት። ዝም ብሎ ከወጣ ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። የታችኛው ፍሬም ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን በሲልከን እንዳትደፍኑ! የገባው ዝናብ የሚወጣው በነሱ ነው። (እኛም ደፍነን ነው የተማርነው።)

ጎማ ከቀየራችሁ በኋላ ደግሞ ከሰል ቤት ውስጥ አታሳድሩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል። በፊት በስንጥቁ ጥቂት ይወጣ የነበረው አሁን መውጫ የለውም። ስንጥቅ ያለው ቤትም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ውጭ አውጡት።