የአጋዘኑ ዕጣ

አሜሪካና ዕጣ አንድ ላይ ሲነሱ እኛ ሰፈር ትዝ የሚለው ዲቪ ነው። እዚያው አገር፣ በምዕራቡ በኩል ባሉት ግዛቶች፣ ተወላጁ ራሱ በየዓመቱ ቅጽ እየሞላ ስሙ እስኪወጣ የሚጠብቀው ሌላ ዕጣ አለ። የደረሰው ሰው ቤትም መኪናም አያገኝም። የሚሰጠው በተከለለ ቦታ፣ በተቆጠሩ ቀናት ውስጥ፣ አንድ አውሬ የሚገድልበት ወረቀት ነው፤ «ታግ» ይሉታል። ከቀናው ግዳዩ ላይ ያስረዋል፤ ካልቀናው ወረቀቱን ይዞ ቤቱ ይገባል።

እኔ አዳኝ አይደለሁም። የሳበኝ ከዕጣው ጀርባ ያለው ጥያቄ ነው፤ ማንም ያላረባው፣ ማንም ገለባ ያላበላው አውሬ የማነው?

አውሮፓ ድሮ የሰጠችው መልስ አጭር ነበር፤ የንጉሡና የመኳንንቱ ነው። አሜሪካኖቹ ይህንን ጥለው ያሻው ያሻውን እንዲያድን ፈቀዱ። ታዲያ ይህ ነፃነት ከባቡር ሐዲድና ከከተማ ገበያ ጋር ሲገናኝ አደኑ ንግድ ሆነ። ሥጋው ለሆቴል፣ ቆዳው ለፋብሪካ ይጫን ጀመር። በሚሊዮኖች ይቆጠር የነበረው ባይሰን እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አንድ ሺህ ገደማ ወረደ። ኤልክ የሚባለው ግዙፉ አጋዘንም ከብዙ ግዛቶች ጨርሶ ጠፋ።

እ.ኤ.አ. በ1896 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮኔቲከት የአእዋፍ አደን ምክንያት በተነሳ ክርክር አዲስ መልስ ሰጠ። የዱር እንስሳ የሕዝብ የጋራ ሀብት ነው፤ ግዛቱ በአደራ ይይዘዋል አለ። ውሳኔው በ1979 ቢሻርም ሐሳቡ አልሞተም፤ ዛሬም የዕጣው መሠረት እሱ ነው። መቼም ከንጉሥ አደን ጋር ሲነጻጸር የሚያኮራ ሐሳብ ነው። ግን «ሕዝብ» ማለት ማን ማለት ነው?

በዚያው ዓመት፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሌላ መዝገብ ቀረበ። ሬስ ሆርስ የተባለ የባኖክ ነገድ ሰው ዋዮሚንግ ውስጥ ኤልክ ገድለሃል ተብሎ ተይዞ ነበር። ወገኖቹ በ1868 ከመንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል ሰው ባልሰፈረበት መሬት የማደን መብት ተሰጥቷቸዋል። ፍርድ ቤቱ ግን ዋዮሚንግ በ1890 ግዛት ስትሆን ያ መብት አብሮ ቀርቷል ብሎ ፈረደበት። ሁለቱንም ውሳኔ የጻፉት አንድ ዳኛ ናቸው፤ ኤድዋርድ ዋይት። በአንድ እጃቸው አውሬውን ለሕዝብ ሰጡ፤ በሌላው ከሁሉ በፊት እዚያ ይኖር የነበረውን ሰው ከሕዝቡ አወጡት።

ከዚያ በኋላ ጥበቃው ሰመረ። በ1937 የወጣ ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለውን ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ አዋለው፤ በረጃጅም ጠመንጃዎችና በጥይት ላይ 11 በመቶ ነው። የአዳኙ የፈቃድ ክፍያም ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ታገደ። አውሬው ተመለሰ። አዳኙ ግን ከአውሬው በለጠ፤ ዕጣውም የመጣው በዚህ ነው።

ንጹሕ ዕጣ አሁንም አለ። አይዳሆና ኒው ሜክሲኮ ያለፈ ሙከራህን አይቆጥሩልህም። ሌሎቹ ግን «ዘንድሮ ያልደረሰው ለከርሞ ይታሰብለት» ብለው ነጥብ መስጠት ጀመሩ። ኔቫዳ ነጥብህን በራሱ አባዝታ አንድ ትጨምርበታለች፤ 10 ነጥብ ያለው 101 ቁጥር ይዞ ይገባል። ኮሎራዶ ለረጅም ዓመታት የሠራችበት ደግሞ እንደ ወረፋ ነው፤ ብዙ ነጥብ ያለው ይቀድማል። ሐሳቡ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ችግሩ ወረፋው ራሱ ይሸሻል። ብዙ ሰው ነጥብ እያጠራቀመ ሲጠብቅ የሚያስፈልገው ነጥብ በየዓመቱ ከፍ ይላል። ከ20 በላይ ነጥብ የሚጠይቁ ቦታዎች አሉ። ዛሬ የሚጀምር ወጣት ፊቱ ያሉት ሰዎች እስኪያረጁ ወይም እስኪሞቱ መጠበቅ አለበት። የእኛን የቤት ምዝገባ ወረፋ የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም።

የባሰው ክርክር ግን የእንግዳው ነው። ሞንታና በ1976 ለራሷ ነዋሪ የኤልክ ፈቃድ በ9 ዶላር ስትሸጥ ከሌላ ግዛት የመጣው 225 ዶላር የሚያወጣ ጥቅል ፈቃድ መግዛት ነበረበት። ተከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 አደን ለእንግዳ መዝናኛ እንጂ መሠረታዊ መብት አይደለም ብሎ ሞንታናን ደገፈ። አሪዞና ደግሞ ለአንዳንድ አደኖች ከታጎቹ ከ10 በመቶ በላይ ለውጭ ሰው አልሰጥም ብላ ነበር፤ በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህ ገደብ የግዛቶችን ንግድ ይነካል አለ። ምዕራቡ ተንጫጫ። ኮንግረስ በ2005 ግዛቶች እንግዳንና ነዋሪን መለየት ይችላሉ የሚል አንቀጽ አወጣ፤ ያውም ለጦርነትና ለሱናሚ እርዳታ በወጣ የበጀት ሕግ ውስጥ ሸጉጦ!

የሚገርመው መሬቱ ነው። ከኔቫዳ 80 በመቶ ያህሉ የፌዴራል መንግሥት፣ ማለትም የመላው አሜሪካዊ ነው። የኒው ዮርኩ ሰው እዚያ ድንኳን ቢተክል ከልካይ የለውም። ድንኳኑ አጠገብ የቆመው አጋዘን ግን የኔቫዳ ነው። ዋዮሚንግማ ብሳለች፤ ጥብቅ በሆነው የፌዴራል ዱር ውስጥ እንግዳው ብቻውን እንደልቡ ይሂድ ትላለች፤ ትልልቅ አውሬ ሊያድን ከሆነ ግን መሪ ይዞ ይግባ። አውሬው ሲታይ አደጋ የለም፣ ሲታደን ነው አደጋ የሚመጣው እንበል እንዴ? እኔ የሚሸተኝ የመሪዎቹ ገበያ ነው።

ወረፋውን የሚዘልም አለ። ግዛቶች ጥቂት ታጎችን ለጨረታ ያወጣሉ፤ በ2013 የሞንታና አንድ የዱር በግ ታግ 480,000 ዶላር ተሸጧል። ገንዘቡ ለበጎቹ ጥበቃ ይውላል፤ እሱን አልክድም። እኛም አገር ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የማይገኘው ደጋ አጋዘን ለውጭ አዳኝ በኮታና በዶላር ሲሸጥ ኖሯል። ልዩነቱ፣ ለአካባቢው ገበሬ ዕጣ ሲወጣለት ሰምቼ አላውቅም።

የሬስ ሆርስ ጉዳይ በ2019 እንደገና ተነሳ። አንድ የክሮው ነገድ አዳኝ ዋዮሚንግ በሚገኘው የቢግሆርን ብሔራዊ ደን ውስጥ ያለ ታግ ኤልክ በማደኑ ተከስሶ የ1868 ውል አለኝ አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ከ123 ዓመት በኋላ፣ ዋዮሚንግ ግዛት መሆኗ መብቱን አላጠፋም አለ። ያ የደኑ ክፍል ውሉ እንደሚለው «ሰው ያልሰፈረበት» ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን ይጣራ ተብሎ መዝገቡ ወደ ዋዮሚንግ ፍርድ ቤት ተመለሰ።